ድጋፉ ይነሳ

«አንቺ ሴትዮ፣ ውኃውን ዝጊው! ለእንግዶቹ የተደረደሩት ወንበሮች ላይ እየተንጠባጠበ ነው!»

ከመንግሥት ቢሮ የመጣው ሰው ከታች ሆኖ ነበር የሚጮኸው። ሴትየዋ የውኃውን ጎማ ሳትለቅ ወደ ኮንክሪቱ ሶሌታ ጫፍ ቀርባ ቁልቁል አየችው። የለበሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ከማሸጊያው ከወጣ ሰዓትም አልሞላው፤ እጥፋቱ ገና አልተፈታም።

ሥራዋ ውኃ ማጠጣት ነው። አዲስ የተሞላ ሶሌታ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ እንደ ጨቅላ ጠዋት ማታ ካልታየ አይጠናም። ይህን የተማረችው ከሟች ባሏ ነው። ስለ እሱ ግን ሥራ ቦታ አታወራም።

የሕንጻው ግንባታ ስድስት ዓመት ተቋርጦ ነበር። መንግሥት የግንባታውን ዘርፍ አነቃቃለሁ ብሎ ብድርና ሲሚንቶ ሲለቅ፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ከዘጠኝ ቀን በፊት ተሞላ። ዛሬ ከሰዓት ባለሥልጣናት ሊጎበኙት ይመጣሉ። ከፊት ለፊቱ «ድጋፋችን አይለያችሁም» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ችግሩ፣ ሶሌታውን ከሥር ደግፈው የያዙት እንጨቶች ለካሜራ አያምሩም።

«ድጋፉ ይነሳ» አለ ሰውየው።

«ድጋፍ ሊሰጡን ነው ስንል፣ ጭራሽ ያለንንም ሊነቅሉ መጡ!» አለ አንዱ ፌሮ ሠራተኛ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የአናጺዎቹ አለቃ መዶሻውን ይዞ ወደ ሥር ሲገባ ሁሉም አዩት። የሴትየዋ ታናሽ ወንድም ነው።

ጎማውን ጥላ በመሰላሉ ወረደችና ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ ፊት ቆመች።

«ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላው አይነካም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፣ እናቴ» አለ ስልኩን እያየ።

«ከላይ የሚመጣውማ ይኸውልህ!» ጣቷን ወደ ሶሌታው ቀሰረች። «የሚመጣው ደግሞ ባንተ ራስ ላይ አይደለም።»

ወንድሟ ከእንጨቶቹ መሀል ብቅ አለ። «ተይ እትዬ። እኔ እምቢ ብል ነገ ሌላ አናጺ ያመጣሉ። ስድስት ዓመት ሥራ ፈትተን ያየነውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ልጆችህን እየተጋገዝን እናበላለን። አንተን ከፍርስራሽ ሥር ቆፍሬ ማውጣት ግን አልችልም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንዴ ባሌን አውጥቻለሁ።»

መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጎ ወጣ። ሌሎቹ አናጺዎችም ተከትለውት ወጡ።

የቢሮው ሰው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ መዘዘ። «አገር ቀና ስትል የምታደናቅፉት እናንተ ናችሁ! ማነው ስምሽ?»

ስሟን ነገረችው። የአባቷን ጨመረች፤ የአያቷንም። አንድ ፊደል ቢስት አርማ አስጻፈችው።

«አሁን ቀኑን ይጻፉ» አለች። «ሶሌታው ከተሞላ ዘጠኝ ቀኑ ነው ይበሉ። ቀጥሎ ድጋፉ ይነሳ ያለውን ሰው ስም፤ የራስዎን፣ ከነአባትዎ።»

ብዕሩ ቆመ። ሰውየው መሐንዲሱን አየ፤ መሐንዲሱ ስልኩን።

«ይጻፉ እንጂ፣ ጌታዬ። ከሥራ ሊያስወጡኝ አይደል? ጊዜ አለኝ።»