የሠራው ይንጠልጠልበት

በዚያ ወርክሾፕ መካከል አንድ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለው፤ የስንጥቁ ዙሪያ ደግሞ በመሮ በተጫሩ ጭረቶች ተሞልቷል፣ ቁጥራቸውን የሚያውቅ የለም። እያንዳንዱ ጭረት ፈተናውን አልፎ ከዚህ ቤት የወጣ አንድ ሰንጢ ነው። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፦ የሠራው ይንጠልጠልበት። ባለሙያው ሰንጢውን ከፍቶ፣ ስል ጎኑን ወደ ላይ አዙሮ፣ ስንጥቁ ውስጥ እስከ አንገቱ ይሰካዋል። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን ከመሬት ያነሣና እስከ አሥር ይቆጥራል። እጀታው ካልጮኸ ሰንጢው ለሰው ይሰጣል። ከጮኸ ወደ ቆሻሻ ነው።

ጋሽ ቀንዱ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲንጠለጠሉ ኖረዋል። ቀንዱ የተባሉት የቀንድ እጀታ ነፍሳቸው ስለሆነ ነው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከራሳቸው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ልጃቸውን ደግሞ ሞረዴ ይሏታል። ገና በአምስት ዓመቷ ምላሷ እንደ ሞረድ ሰው ይፍቃል ብለው ያወጡላት ስም ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆና፣ እጀታ በመሞረድ የሚወዳደራት ጠፍቶ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ነገሩ የመጣው በሞረዴ ባል በኩል ነው። እሱ በገመድ ተንጠልጥሎ የረጃጅም ፎቆችን መስታወት ያጥባል። ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ የባልደረባው ገመድ ከባልዲ ማውረጃው ጋር ተጠላለፈና ሰውዬው በጎኑ ተንጠለጠለ። የሞረዴ ባል ሰንጢውን መዞ የባልዲውን ገመድ ሊቆርጥ ሲጫነው፣ የአማቱ የቀንድ እጀታ መዳፉ ውስጥ ተሰነጠቀ። የቀረውን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ምንም ቆረጠው። ባልደረባው ተረፈ፤ እሱ ግን መዳፉን ተሰፍቶ ቤቱ ገባ።

ሰኞ ደግሞ የእነዚህ መስታወት አጣቢ ገመደኞች አለቃ አሥራ ሁለት አዲስ ሰንጢ ሊያዝ ይመጣል። ቀደም ብሎ መጥቶ የትኛውን እጀታ እንመን ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ቀንዱ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቀንድ ነው አሉ፤ ተንጠልጥዬበታለሁ አሉ፤ አያያዝ የማያውቅ እጅ ዓለትም ይሰነጥቃል አሉ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ሞረዴ አንጀት ውስጥ ገብታ ቀረች። የባሏን ስፌት ስታጥብ የሰነበተችው እሷ ናት፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ተመልሶ የሱ ወገብ ላይ ይታሰራል። አባቷንም ትወዳለች፣ ባሏንም ትወዳለች፤ ሰኞ ግን ከሁለቱ የአንዱን ቃል ይዛ መቆም አለባት።

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት እህል ነጋዴ ባስኩላውንና የሚዛን ብረቶቹን ተውሳ በጋሪ አስገባች። አባቷ ምን ልትመዝኚ ነው ቢሏት፣ እጀታው ሁሉ ባንድ ምሰሶ ይዳኝ አለች። ባልዲ በመንጠቆ እጀታው ላይ ይሰቀላል፣ አምስት አምስት ኪሎ ብረት ይገባበታል፣ እስኪሰበር ድረስ። ጋሽ ቀንዱ ሳቁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ በይ እንግዲህ እንይልሽ ብለው ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ አጥንቱ ተሰካ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለዓይን ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። አርባ ኪሎ ላይ ምንም ሳያስጠነቅቅ ቷ ብሎ ሁለት ሆነ፤ ባልዲው ወለሉን ሲመታ አባትና ልጅ ዘለው ቆሙ። ወይራው ተከተለ። ወይራ ጨዋ ነው፤ ሃምሳ ሲደርስ ቀስ ብሎ ሲጥ ሲጥ አለ፣ ሃምሳ አምስት ላይ በመስመሩ ተተረተረ። አሉሚኒየሙ አልተሰበረም። ስድሳ አምስት ላይ ጎብጦ ቀረ፤ አውርደው ሊያጥፉት ቢሞክሩ ስለቱ ወደ ቤቱ አልገባ አለ። ጋሽ ቀንዱ ሞቶስ ቢሆን ይሻለው ነበር አሉ።

ሞረዴ ሃያ ዓመት እነዚህን ነገሮች ስትሞርድ ኖራ እንዲህ አላየቻቸውም ነበር። በእጇ ሲያዙ ሁሉም ጠንካሮች ናቸው። ለካ እያንዳንዱ የራሱ አሰባበር አለው፤ አንዱ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አንዱ ተናዞ ይሄዳል፣ አንዱ ደግሞ ሳይሞት ይጣመማል።

ቀንዱን የሰኩት ጋሽ ቀንዱ ራሳቸው ናቸው። ትናንት ተንጠልጥለውበት ጭረቱን የጫሩለት ነው። አርባ ላይ ዝም አለ። ሃምሳ ላይም ዝም አለ። ሃምሳ አምስት ላይ ለመጥ ሲል የመስኮቱ ብርሃን በውስጡ አልፎ የማር ቀለም አወጣ፤ ሞረዴ ለመጨመር ያነሣችውን ብረት እንደያዘች ፈዛ ቀረች። በሬ ከራሱ ላይ ያበቀለው ነገር ይህን ሁሉ መሸከሙ ድንቅ ሆነባት፤ አባቷ ዕድሜያቸውን ለምን እንደሰጡት በዚያች ቅጽበት ገባት። ከዚያ ብረቱን ጨመረች። ስድሳ ላይ ቀንዱ ጮኸና ተሰነጠቀ፣ ልክ የባሏ እጅ ውስጥ በተሰነጠቀበት ቦታ።

"አይሆንም" አሉ አባቷ። "ትናንት ተንጠልጥዬበታለሁ።"

ሞረዴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ የአባቷ ቀበቶ ላይ ዐረፈ። በወስፌ የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት፤ ትርፉ ጫፍ ወገባቸውን ዞሮ ጀርባቸው ጋ ደርሷል። ከሁለት ዓመት በፊት የሆድ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ክሳታቸው ሲያወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሳቸው አልሰሙም። እሷ ሰምታለች፤ ግን ክሳቱን እስካሁን ከምሰሶው ጋር አላገናኘችውም።

ጋሽ ቀንዱ የተሰነጠቀውን ቀንድ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ዓይኗ ወዳረፈበት ቀበቶ ዝቅ ብለው አዩ። ሄደው ባስኩላው ላይ ወጡ።

"ስንት ይላል?"

"ሃምሳ አንድ።"

"ከነልብሴ?"

"ከነጫማዎ።"

በደህናው ጊዜ ሰማንያ ስድስት ነበሩ። ሞረዴ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ አባቷን እንደዚያ ማየት አልቻለችም።

"ቀንዱም አልዋሸ፣ ምሰሶውም አልዋሸ" አሉ ከባስኩላው እየወረዱ። "የቀለልኩት እኔ ነኝ። የባልሽን እጅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሕመሙ ብዙ አላሠራቸውም፤ ከቤቱ የወጡት ሰንጢዎች አምስት ብቻ ናቸው፣ አንደኛው የተሰነጠቀው ነው። የቀሩትን አራቱን ዛሬውኑ ከገመደኞቹ ወገብ አስፈቺ አሏት። ሞረዴ ለባሏ ደወለች፤ እሱም እጁን እንደታሸገ ቤት ለቤት ዞሮ ሊሰበስብ ወጣ። ስልኩን ስትዘጋ አባቷ የቀረሽ እጀታ አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ድምፃቸው አንሶ ነበር።

አንድ ቀርቷታል። ከሽርጧ ኪስ አወጣችው፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተነባብረዋል። መኪና ጠጋኞች የሚበጠብጡትን ባለ ሁለት ጣሳ ሙጫ እያጠጣች፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደራርባ፣ ሞርሳ ውስጥ አንድ ሳምንት ጨምቃ የሠራችው ነው። ጋሽ ቀንዱ ጨርቅ እጅ ይጠረግበታል እንጂ ይጨበጣል እንዴ አሉ፤ ግን አልሳቁም።

ምሰሶው ላይ ተሰክቶ ስድሳን አለፈ። ሰባ አምስትን አለፈ። ሰማንያ አምስት ላይ ትንሽ ረገብ አለ፤ ድምፅ የለም። ዘጠና አምስት ላይ ብረቱ አለቀ። ባልዲውን ሲያወርዱት እጀታው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ጋሽ ቀንዱ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት፣ በጥፍራቸው ጫሩት፣ ጠርዙ ላይ ያሉትን ድርብርቦች ቆጠሩ። አርባ ዓመት እጃቸውን የጠረጉበት ነገር እንዲህ ያለ ጉልበት በውስጡ መደበቁ አፋቸውን በእጃቸው አስያዛቸው።

"ይህን ቀለም አውቀዋለሁ" አሉ።

"የጠፋው የሥራ ሱሪዎ ነው።"

ወር ሙሉ ሲፈልጉት፣ የጎረቤትን የልብስ ገመድ ሳይቀር በክፉ ዓይን ሲያዩ ከርመዋል።

"ሰፍቶዎት ነበር አባባ" አለች። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲያልፍ ሰንጢውን መልሰው ስንጥቁ ውስጥ ሰኩትና የሠራው ይንጠልጠልበት አሏት። ሞረዴ በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ተንጠልጥላ አታውቅም፤ ሞራጅ እንጂ ሠሪ ተብላ አታውቅም። እጆቿን ደራርባ ጨበጠችና እግሯን አነሣች። አሥር ተቆጠረ። ስትወርድ አባቷ ስንት ትመዝኛለሽ አሏት፤ ስድሳ አንድ። ባልሽስ? ሰማንያ ስምንት።

"አይበቃም" አሉ። "ባልዲ አይወራጭም፣ ሰው ግን ይወራጫል። ድገሚ።"

ደገመች። እግሯ ከመሬት ሲነሣ አባቷ ከኋላዋ መጥተው ወገቧን በሁለት ክንዳቸው አቀፉና የራሳቸውንም እግር አነሡ።

ከምሰሶው አናት አቧራ ረገፈ። እጀታው ትንሽ ረገበ፣ አልጮኸም። "አንድ" አሉ ጋሽ ቀንዱ ጀርባዋ ላይ። ሞረዴ ስለ እጀታው አልፈራችም። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን የተሸከሙት ሰው ምን ያህል እንደቀለሉ ክንዶቿ ነገሯት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ በከበዷት ብላ ተመኘች። ከታች እግራቸው ሲወዛወዝ ይሰማታል፤ እሳቸው ይቆጥራሉ።

"አሥር" ብለው ሊወርዱ ሲሉ፣

"ይቁጠሩ አባባ" አለች። "ይይዛል።"

"አሥራ አንድ" አሉ።