ጨው ሳይበተን

አልቫር የጣራውን አሸንዳ ከበርች ዛፍ ቅጠል አጸዳለሁ ብሎ ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ገጠሙት፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰሩትና «እስከ ገና ምንም ነገር እንዳታነሳ» ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሚስቱ ጉንቮር ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፣ ጺሙን ትላጨዋለች፣ ካልሲውን ታጠልቅለታለች፣ ሥጋውን ትቆርጥለታለች። በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልተማረረችም። ያማረራት መኪናው ነው።

መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ቮልቮ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አብሯቸው የኖረ። በስዊድን ሰሜን ባለችው ከተማቸው በሄርኖሳንድ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታ የማዘጋጃ ቤቱ ከባድ መኪና፣ መንገዱ እንዳያንሸራትት፣ በየቦታው ጨው እየበተነ ያልፋል። ጨውና የበረዶ ውሃ ከተገናኙ ብረት ሲበሉ ምሕረት አያውቁም። የጎረቤታቸው የሲክስተን መኪና በሮቹ ከታች እንደ ወንፊት ተበሳስተዋል፤ ሲክስተን ግን «አየር ይግባበት» ብሎ ይስቃል። አልቫር ግን በየዓመቱ ውርጩ ሳይቀድመው መኪናውን አጥቦ፣ ፖሊሽ አድርጎ፣ ሰም ይቀባዋል። በዚያ ሥራ ላይ ማንም እጁን አስገብቶ አያውቅም፤ ጉንቮርም ብትሆን ቡና አድርሳ ትመለሳለች እንጂ ጨርቅ እንድትይዝ ተፈቅዶላት አያውቅም።

ዘንድሮ እጅ የለም። አልቫር በወጥ ቤቱ መስኮት የአየሩን ቅዝቃዜ መለኪያ እያየ ሲቁነጠነጥ ሰነበተ።

«ከወደቡ ጀርባ ያሉት መኪና አጣቢዎች ይሥሩልህ» አለችው ጉንቮር።

«እነዚያ? በብሩሽ ማሽን እኮ ነው የሚያጥቡት! ልጄን ለእነሱ አሳልፌ አልሰጥም።»

«ልጅህ ኦስሎ ነች።»

«ገብቶሻል የምልሽ።»

«እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ።»

አልቫር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ አስተምሯል፤ የተማሪውን መጋዝ አያያዝ ከኋላ ቆሞ እያየ ከንፈሩን የሚነክስ ዓይነት ሰው ነው። አሁንም ከንፈሩን ነከሰ። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ግን እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ጉንቮር ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረባት።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ይዞ ተቀመጠ። በግራ እጁ የእጅ ባትሪ ይዟል። ጉንቮር ስፖንጁን ባልዲ ውስጥ ነከረች።

«ያ ባልዲ የመለቅለቂያው ነው።»

«ሁለቱም ባልዲ ናቸው።»

«አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። አሸዋው እዚያ ይቀራል። ካልቀረ ቀለሙ ላይ ታሺዋለሽ፣ ታዲያ ከብሩሹ በምን ተሻልሽ?»

ባልዲውን ለወጠች። ከጣራው ጀመረች።

«ቀጥ አድርገሽ። በክብ አይደለም።»

ቀጥ አደረገች።

«አትጫኚው።»

አልተጫነችም። ስፖንጁ ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል አልቫር ከበርጩማው ሊነሳ ደረሰ። «ተዪው! ተዪው! እሱ አለቀለት፣ ሌላ አምጪ!»

«እያለቀስክለት ነው?»

«መሬት የነካ ስፖንጅ ጠጠር ይዞ ይነሳል፣ ጉንቮር።»

ጉንቮር የከተማውን ልጆች ዋና ስታስተምር ነው የኖረችው። በእሷ ሙያ ልጁን ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ውስጥ ትለቂዋለሽ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይዋኛል። እየጮሁበት የተማረ ልጅ አይታ አታውቅም። ቢሆንም ምራቋን ዋጠች፤ ሰውየው እጁ ታስሯል፣ ሌላ ምን አለው ብላ ለራሷ አሰበች።

እጥበቱ ሲያልቅ ማድረቁ መጣ። ፎጣውን ስትጎትት «አትጎትቺ፣ ጣል አድርገሽ አንሺ» አለ። ጣል አድርጋ ስታነሳ «በስፖኪዮው ሥር ውሃ አለ» አለ። የስፖኪዮውን ሥር ስትጠርግ ባትሪውን አብርቶ በሩ ላይ አንዲት የበርች ዘር አገኘ። ዘሯን በጥፍሯ ልታነሳ ስትል ጩኸቱ እስከ ሲክስተን ቤት ተሰማ።

«በጥፍር?!»

ሲክስተን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሰው ጠብ ማዳመጥ የሚወድ። «ሰው ሞተ ወይስ ሰም ነው?» አለ።

«ገና ሰም ጋ አልደረስንም» አለች ጉንቮር። «በዚህ አያያዛችን ለትንሣኤ እንደርሳለን።»

ከዚያ ፖሊሹ ነበር። አልቫር የሚሽከረከር ማሽን አለው፣ ለስላሳ ስፖንጅ ፊቱ ላይ የሚለጠፍ፤ በፀሐይ የደበዘዘውንና በጥቂቱ የተጫረውን ቀለም እያሸ የሚያወጣ። ጉንቮር ማሽኑን አንስታ ጣራው ላይ ስትጭነው አልቫር ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። ትንፋሹ ጆሮዋ ሥር ነው።

«ዝግ በይ። ዝግ... አሁን ደግሞ በጣም ዘገየሽ። ፖሊሹ እየደረቀ ነው። አነስ አድርጊ። ክርንሽን አውርጂ። ክርንሽን አልኩ እኮ፣ ትከሻሽን አላልኩም።»

ማሽኑን አጠፋችው።

«ውጣ» አለችው።

«ምን?»

«ከጋራዡ ውጣልኝ። ሂድ ሲክስተን ጋ ተቀመጥ። ሂድ ባሕሩን እይ። የፈለግኸውን አድርግ፣ እዚህ ግን እንዳላይህ።»

«ጉንቮር፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ...»

«አንድም ነገር!»

«ስለ ኮፈኑ...»

«አንድም ነገር አልኩህ፣ አልቫር!»

የጋራዡን በር ፊቱ ላይ ጎትታ ዘጋችው። ከውጭ በግራ እጁ ሁለት ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ከዚያ ኮቴው በጠጠሩ ላይ ራቀ።

ጉንቮር ሬዲዮ ከፈተች። ብቻዋን ስትሆን እጇ ተፈታ። ማሽኑ በራሱ ክብደት እንዲሄድ ለቀቀችውና ጣራው ጠራ፤ በሮቹ ጠሩ። የመብራቱ አምፖል በቀለሙ ውስጥ እንደ ጨረቃ ቁጭ ብሎ ስታየው ሳቋ መጣ። ይሄ ነው እንዴ ሃያ ዓመት የደበቀኝ ደስታ? አለች። ዘፈኑን አብራ እያንጎራጎረች ወደ ኮፈኑ ዞረች።

ከፊት መብራቱ በላይ፣ ኮፈኑ በሚታጠፍበት ሹል ጠርዝ ላይ፣ አንድ የደበዘዘ ነጥብ ነበር። እንዲለቅ ማሽኑን ትንሽ አቆየችበት። ነጥቡ ለቀቀ። ግን ሰማያዊውም አብሮ ለቀቀ። ስታጠፋው የአውራ ጣት ያህል ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለው ግራጫ ልባስ አፍጥጦ አያት።

በጨርቅ አሸችው። ግራጫው እንዳለ ቀረ። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ሊነግራት የነበረው ይሄንኑ እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ገብቷትም ይበልጥ ተናደደች፤ በራሷም፣ በእሱም። በአንድ ጠዋት መቶ ነገር ከሚለፈልፍ ቢያንስ ይሄን መጀመሪያ ቢናገር ምን ነበረበት? ዝናብ ሁሌ ከጣለብህ መብረቁን በምን ትለየዋለህ?

ሥራውን ግን አላቋረጠችም። ሰሙን በስስ ቀባች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ በንጹሕ ጨርቅ አወለወለች። ግራጫው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ደረበችበት።

በሩን ስትከፍት አልቫርና ሲክስተን ከአጥሩ በኩል ሲመጡ አየች። አልቫር ፊቱ ቀልቷል፤ ሲክስተን የሄሪንግ ዓሣ በድንችና በቢራ ሲያበላው እንደዋለ ያስታውቃል። ጉዳዩንም በደንብ ተወያይተውበታል።

«ኧረ! ፊቴ ይታየኛል!» አለ ሲክስተን በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ያሳዝናል እንጂ ፊቱማ ያው ነው።»

አልቫር አልሳቀም። ባትሪውን አብርቶ ከኋላ ጀመረ። የኋላ በር፣ የፊት በር፣ ጣራው። ምንም አላለም፤ ያም ለአልቫር ምስጋና ነው። ወደ ኮፈኑ ሲደርስ ባትሪው ቆመ። ጉንቮር እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ጩኸቱ ቢመጣ መልሱ በአፏ ሞልቷል፤ ቃል በቃል አሰናድታዋለች።

«ልነግርሽ የነበረው እሱን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ባትሪውን አጥፍቶ ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። የተቆጣ ሰው መልስ ይሰጡታል፤ ዝም ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ሸሚዙን ስትቆልፍለት ኮርኒሱን ያያል። ሐሙስ፣ እንደ አገሩ የሐሙስ ልማድ፣ የአተር ሾርባና ፓንኬክ አቀረበችለት፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ በላ፤ ለእንግዳ እንደሚባል ያለ አመሰግናለሁ። ጉንቮር ሳህኖቹን ስታጥብ አንዱን ሆን ብላ ጮክ አድርጋ አስቀመጠችው። ዞር ብሎም አላያትም።

ሰኞ ጠዋት ሲነሡ በረዶ ጥሏል። የጨው መኪናው ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ አልፎ መንገዱ ቡናማ ጭቃ ሆኗል። የዚያን ቀን አልቫር ለትከሻው ቀጠሮ ነበረው፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ጎረቤት ከተማ፣ ሱንድስቫል ነው። ጉንቮር የመኪናውን ቁልፍ አንስታ ኮቷን ስትደርብ አልቫር ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል።

«በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለ።

«ለምን?»

«መንገዱን አላየሽም? ጨው በጨው ነው።»

ጉንቮር መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። «አልቫር፣ ሰሙን ለምን ነበር የቀባሁት?»

«ለጨው።»

«ታዲያ ጨው መጣ!»

«አዎ፣ ግን በመጀመሪያው ቀን...»

«ሁለት ቀን ክንዴ አልነሣ ብሎኛል! ስፖንጅ ወደቀ ብለህ ለቅሶ ተቀምጠሃል! ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶናል! ይሄ ሁሉ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ እንዲያምርበት ነው?»

አልቫር ወጥቶ ሄደ። እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ በረዶው ላይ ትንንሽ እርምጃ እየረገጠ፣ ወደ ፌርማታው። ጉንቮር መኪናውን አስነሥታ ወጣች። ፌርማታው ጋ ስትደርስ ባርኔጣው ላይ በረዶ ተቆልሏል። መስተዋቱን ዝቅ አደረገች።

«ግባ።»

«አውቶቡሱ መጣ።»

እውነትም ከኋላዋ መጥቶ ክላክስ አደረገባት። ጥጓን ያዘችለት። አልቫር አውቶቡሱ ላይ ወጣና ወደ ኋላው ሄዶ በመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ።

ጉንቮር መመለስ ትችል ነበር። ግን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የምትፈልገው ነገር አለ፤ ደግሞ ንዴቷ ወደ ቤት የሚያስገባት አልነበረም። አውቶቡሱን ተከተለችው። የአውቶቡሱ የኋላ ጎማዎች ያንን ቡናማ ጭቃ እያነሱ ኮፈኗ ላይ ይወረውሩባታል፤ መስተዋቷ በየቅጽበቱ ይጠፋል፣ መጥረጊያው ይመልሰዋል። በኋላው መስኮት አልቫር ወደ እሷ ዞሮ ተቀምጧል። ፊቱ ሲቀላ ይታያታል። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ፣ በመዳፉ፣ ራቂ፣ ራቂ አላት።

ጉንቮር ነዳጁን ረገጥ አደረገችና ጠጋ አለች።

እጁ በፍጥነት ተወዛወዘ። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ዘወር ብለው አዩት፣ እሷንም አዩ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያት፤ ምን እንደሚል ለማወቅ መስማት አላስፈለጋትም። ዕንባዋ መጣ፣ ሳቋም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም። አልራቀችም።

በሚቀጥለው ፌርማታ አውቶቡሱ ሲቆም ጉንቮርም ከኋላው ቆመች፤ አልቫር ወረደ። በሩን ከፍቶ ይገባል ብላ ስትጠብቅ ወደ ኮፈኑ ሄደ። ጭቃው መሐል በረዶው እየቀለጠ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይወርዳል፤ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ፣ ቀለሙን ሳይዝ። አልቫር ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ወደ ብረቱ አስጠግቶ አየው። ጉንቮር ክላክስ ስታደርግበት ዘለለ።

«ትገባለህ ወይስ ልሂድ?»

ገባ። ቀበቶውን በአንድ እጁ ሲታገል ጎንበስ ብላ አሰረችለት። ትንሽ እንደሄዱ «ይዟል» አለ።

«ምኑ?»

«ሰሙ። ውሃውን አላስቀመጠውም።» ቀጠለና «የጠርዙን ቦታ ግን በቀለም...» ሲል ዞር ብላ አየችው።

«እሺ» አለ።

ፊት ለፊታቸው መኪና በመጣ ቁጥር ግን ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ታያት ነበር። ሐኪሙ አጥንቱ ቀስ ብሎ እየገጠመ እንደሆነ፣ ክንዱም እስከ ጥር እንደሚታሰር ነገራቸው። አልቫር በሐዘን ጉንቮርን አየ፤ ጉንቮርም ቀኑ አጥሮ የሚጨልምባቸውን የብርድ ወራት ሁሉ አስባ በሐዘን አልቫርን አየችው።

መውጫው ላይ ክርኑን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው። መኪናውን ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ነበር ያቆመችው፣ በግራና በቀኝ ሌሎች መኪኖች ጥግ ለጥግ ተደርድረውበት፣ በራቸውን በግዴለሽነት በሚከፍቱ ሰዎች መሐል። አልቫር ይህን ሲያይ ቆመ። አፉን ከፈተ።

ጉንቮር ቁልፉን ይዛ ጠበቀች።

አፉን ዘጋውና ገባ።