የባሩድ ቤቱ ግድግዳ

«ውሃን በመከልከል አታሸንፈውም፤ መውጫ ካሳየኸው ራሱ ይሄድልሃል» ሲሉ ሰማኋቸው ግንበኛውን። አባቴ ሳቀና «መውጫው ታዲያ የት ነው?» አላቸው። ከመልሳቸው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግማሹ ብቻ ነው፦ «ከበሩ በስተግራ፣ ከ...» ከምን ሥር እንደሆነ ጠፍቶብኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምሽጉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዳቦ እበላ ነበር። ልብ ያልኩት ዳቦውን ነው።

አባቴ የዚያ የደሴት ምሽግ ዘበኛ ነበር። ያኔ ባዶ ግንብ ነው፤ ከርግብ በቀር የሚጠበቅ ነገር የለውም። አሁን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። እኔም አባቴ ሃያ ዓመት በቆመበት፣ ድሮ ባሩድ ይከማችበት በነበረው ክፍል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰው ጥበብ እጠብቃለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ስለ ሥዕል የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ጎብኚ ሲያወራ እየሰማሁ ነው። ባልደረቦቼ «ጆሮ» ይሉኛል። ሰው ባልገባበት ሰዓት ጸሎቴን በልቤ አደርሳለሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሐሳብ አያስወጣም።

እርጥበት ግን ያስገባል። ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው ከአሮጌ የዓሣ መረብ የተሠራ ትልቅ መጋረጃ ነው፤ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው ማበብ ጀመረ። ጎብኚዎች ወደዱት። አንድ ሰውዬ ለሚስቱ «አየሽ፣ ይሄ የባሕሩ እንባ ነው» አላት።

«ሻጋታ ነው» አለች ሚስቱ።

በሐሳብ ከሚስትየዋ ጋር ነበርኩ።

ቀጥሎ መረቡም ይርስ ጀመር። ዳይሬክተሯ ማድረቂያ ማሽን አስገባች፤ ማሽኑ በቀን ሦስት ባልዲ ውሃ ይተፋል፣ ግድግዳው ግን ፍንክች አይልም። ሰኞ ጠዋት ጠራችኝ።

«እስከ ዓርብ መፍትሔ ካልተገኘ ክፍሉን እዘጋዋለሁ። እርስዎን ማዶ፣ ወደቡ ላይ ትኬት ቤት እናዛውርዎታለን። በየቀኑ ጀልባ ከመሳፈር ይገላገላሉ።»

እኔ መገላገል አልፈለግሁም። ትኬት መስኮት ላይ የሚሰማው «ስንት ነው?» ብቻ ነው።

«ግንበኛው ያውቃሉ» አልኳት። «ያን ክፍል በኖራ የጠገኑት። ማዶ ነው ቤታቸው። ግን አይመጡም።»

«ለምን?»

ነገርኳት። እሳቸው ሥራቸውን በጨረሱ በዓመቱ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ኖራቸው ላይ ሲሚንቶ ለሰነበት። እሳቸውም ሲሚንቶው ሳይነሳ ደሴቱን ላይረግጡ ማሉ። ይኸው አርባ አምስት ዓመት ሆነው።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በራቸው ላይ የወንበር እግር ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

«ማነህ?»

«የዘበኛው ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

«ያ ዳቦ በሊታው?»

«እሱው ነኝ። የውሃውን መውጫ ለአባቴ ሲነግሩት ሰምቼ፣ ግማሹ ጠፋብኝ።»

«አፍ ሲሠራ ጆሮ ያርፋላ» አሉ። «ለመሆኑ አሁን ምን አስቀመጡበት?»

«መረብ።»

«ሊያጠምዱበት?»

«ሰው እንዲያየው።»

የወንበሩን እግር መታ አደረጉ። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።»

«ግድግዳው ታሟል፣ አባባ።»

«እኔ አላሳመምኩት። ሲሚንቶ የለበሰ ድንጋይ ማለት በበጋ ካፖርት ደርቦ የሚያልበው ሰው ነው።» መዶሻቸውን አስቀመጡ። «መሐላ አለብኝ፣ ልጄ። አንተም የጸሎት ሰው ነህ ይሉሃል። መሐላ ይፈርሳል?»

«መሐላ አይፈርስም» አልኩ። «ሲሚንቶው ግን ይፈርሳል።»

ቀና ብለው አዩኝና መዶሻቸውን መልሰው አነሱ።

ዳይሬክተሯ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። «ታሪካዊ ግንብ ነው! መዶሻ አላስነካም።»

«ሲሚንቶው ምን ታሪክ አለው? ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል።»

ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ተከትሎ ፈቃዷም። ማክሰኞ መረቡን አወረድን፤ ሲሚንቶውን ሁለት ቀን ሙሉ በመሮ ቀስ እያልን ላጥነው። ከአቧራው ብዛት የዱቄት ነጋዴ መስለን ነበር። የመውጫው አፍ ግን አልታየንም፤ ኖራውን ደግሞ ያለ ባለቤቱ መንካት አልደፈርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት ዳይሬክተሯንና አንድ የሲሚንቶ ቁራጭ ይዤ ተሻገርኩ። ሽማግሌው ቁራጩን ገልበጥ ሲያደርጉት በጀርባው ሦስት የጣት ፈለግ ታትሞ አዩ። ሲሚንቶው የተለሰነው እሳቸው በጣታቸው ባለሰለሱት ኖራ ላይ ነበርና። የገዛ ጣታቸውን አስጠጉበት። ገጠመ። ሳቁ፤ ደግሞም ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ሁሉም ተነሥቷል?»

«ጥፍር የምታህል አልቀረችም» አልኩ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ አሳያለሁ እንጂ አልለስንም።» ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «ልጄ፣ ኖራ አቡክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ነገ ታውቂያለሽ። ጥሩ ጫማ እንዳታደርጊ።»

«እሺ። ክፍሉም አይዘጋም» አለችና ወደ እኔ ዞራ «ትኬት ቤቱ ሌላ ሰው ይፈልግ» አለች።

በልቤ አመሰገንኩ፤ ማንን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

«የመጀመሪያው ጀልባ በስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እመጣለሁ» አሉ። «አንተ ግን ዳቦ ይዘህ እንዳትመጣ።»