በየእሑዱ የሚነበበው ደብተር

የቡሬዋ እህል ነጋዴ ሀብትነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብተር ግን ነበራት። ጣልያን ከገባ ወዲህ ጎተራው የተዘረፈበት ገበሬ ሁሉ፣ ከማንኩሳ እስከ ደምበጫ፣ የተረፈችውን እህል ለእሷ አደራ ይሰጣል። እሷም ራሷ በመረጠችው ጉድጓድ ትቀብረዋለች። እህሉ የት እንዳለ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ ገርፈው አያወጡበትም። ሁሉም የሰፈረው በዚያ ደብተር ነው።

ጸሓፊዋ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ነበሩ። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ታስነብባቸዋለች።

«ኧረ እመት ሀብትነሽ፣ ባለፈው እሑድ ያነበብኩልዎት እኮ ነው!» ይላሉ ተሰላችተው።

«ያንብቡልኝ፣ የኔታ። እኔ የምመረምረው በጆሮዬ ነው።»

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ የነሐሴ ጧት፣ ጣልያኑ ሹም ወታደሮቹንና አስተርጓሚውን እንዳለውን አስከትሎ ቤቷ ገባ። እንዳለው የዚያው የቡሬ ልጅ ነው፤ የገዛ እናቱ እህል ሳይቀር በሀብትነሽ እጅ ነበር።

«ደብተሩን አምጪ፤ አለዚያ ቤትሽ ይቃጠላል» አላት ሹሙ በእንዳለው አፍ።

ሀብትነሽ ደብተሩን ከትራሷ ሥር አወጣች። ሹሙ እጁን ሲዘረጋ፣ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ ከሚነደው ምድጃ ወረወረችው። ወታደሩ ሊያወጣው ሲሮጥ ፊቱ ተገተረች። በሰደፍ ቢመታትም ወረቀቱ አመድ እስኪሆን ንቅንቅ አላለችም።

እንዳለው ሳቀባት። «ሞኝ! እኛም አጣነው፣ አንቺም አጣሽው። ያ ሁሉ እህል እንግዲህ አፈር ውስጥ ይበስብስ።»

ሃያ ጅራፍ ገርፈዋት ሄዱ። አንዲት «እህ» እንኳ አላለችላቸውም፤ እሰይ!

መሪጌታ ወሬውን ሰምተው እያለቀሱ ደረሱ። «ያገር እህል ጠፋ! ምን ይዋጠን?»

ሀብትነሽ በሆዷ እንደተኛች ቀና አለች። «ምኑ ነው የጠፋው? ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበቡት ለግድግዳው ነው እንዴ? የማንኩሳው ባዬ፣ ሦስት ዳውላ ዳጉሳ፣ ከዋርካው በስተምሥራቅ ሃያ እርምጃ። ታንጉት፣ የዚያ የከሃዲ እናት፣ ሁለት ዳውላ ማሽላ፣ ከጓሮዬ ኮሶ ሥር። ልጇ ቢከዳም እኔ አልከዳትም።»

መሪጌታ ብዕራቸውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ኮሮጇቸው ሰደዱ።

«ይተዉት» አለች። «ከእንግዲህ የሚቃጠል ነገር አናስቀምጥም። ዳዊትን በቃልዎ የያዙ ሰው ይኸ አያቅትዎትም። እኔን ቢገድሉ እርስዎ አሉ፤ እርስዎን ቢገድሉ እኔ አለሁ። ይበሉ ይድገሙ፤ የማንኩሳው ባዬ፣ ሦስት ዳውላ ዳጉሳ።»

«የማንኩሳው ባዬ፣ ሦስት ዳውላ ዳጉሳ» አሉ መሪጌታ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።