ከኮንቴይነሩ አልወጣም

አጎቴ ቸኩሏል። አጎቴ ያልቸኮለበትን ቀን አላውቅም፤ ሲወለድም አዋላጇን ቀድሟት ነው ትላለች እናቴ። የዚያን ዕለት ግን ችኮላው ለጉድ ነበር። ሸሚዞቹ ተተኩሰው፣ ታጥፈውና በካርቶን ታሽገው እስከ በሩ ድረስ ተደርድረዋል። ወደብ ላይ ያለችው መርከብ በማግስቱ ጭነት መቀበል ታቆማለች። ኮንቴይነሩን የሚጎትተው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ግቢያችን ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

«ጫኑ!» አለ አጎቴ፣ ሾፌሩ ገና ሞተር ሳያጠፋ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልግባበት» አልኩ።

ልግባበት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እኛ ጋ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፤ በሩ ከውጭ ይዘጋበታል፤ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ጣሪያውንና ግድግዳውን ያያል። ጭላንጭል ካየ ኮንቴይነሩ ይመለሳል። ብርሃን ያስገባ ቀዳዳ ባሕር ላይ ውሃ ያስገባልና። ይህን ልማድ ያመጣችው እናቴ ናት፣ የአጎቴ ታላቅ እህት። የልብስ ስፌት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የካውያ ክፍሉን የመራችው እሷ ነበረች።

ነበረች ያልኩት ቤት ስለዋለች ነው። ያለፈው ጭነት ባሕር ማዶ ሲደርስ ሸሚዙን ሁሉ ሻጋታ በልቶት ተገኘ። ገዢዎቹ እሪ አሉ። አጎቴ ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰበና እናቴን መሀል አቁሞ፣ «ኮንቴይነሩን ራሴ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። እርጥበቱ ከዚሁ የሄደ ነው። የካውያው እንፋሎት ሳይደርቅ እያሳጠፍሽ ጉድ ሠራሽኝ» አላት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! የኮንቴይነሩን ባለቤት፣ የመርከብ ድርጅቱን፣ መጋፈጥ ቢያቅተው እህቱን መታ። እናቴ ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈች፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ «ልብስ ያሻገተችዋ» ሆና ቀረች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነው ያደግኩት፤ የእናቴ ስም ግን በቁሟ ተቀበረ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ገባሁ። ሾፌሩ እያጉረመረመ ዘጋብኝ። የዝገትና የድሮ ጭነት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከዚያ አየኋት፤ ጣሪያው ጥግ ላይ፣ የአዝራር ቀዳዳ የምታህል ብርሃን።

«ቀዳዳ አለው!» ብዬ ጮኽኩ።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ፕላስተር ለጥፉበትና ጫኑ» አለ።

«ባሕሩ ደግሞ ፕላስተር አይቶ ይመለሳል!»

«አንቺ ልጅ፣ መርከቧ ታመልጠናለች! ሌላ ኮንቴይነር ዛሬ ከየት ይመጣል? ውጪ!»

«አልወጣም።» ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና እግሬን ዘረጋሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጋሼ። መጫን ካማረህ እኔንም ከካርቶኑ ጋር ጫነኝ። ስደርስ ቀዳዳውን ለገዢዎቹ አሳያቸዋለሁ።»

ጫኞቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ሾፌሩ ግን ከልቡ ደንግጦ፣ «እኔ ሰው አልጭንም፤ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል» አለ።

አጎቴ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ እንደገና ለመነኝ። ከሥራ አባርርሻለሁ አለኝ። «እናቴን ካባረርክ ወዲህ ቤታችን ለምዶታል» አልኩት። ቢቸግረው ስልኩን አውጥቶ ከዚያ ጉድ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ወዳልደወለላት እናቴ ደወለ። «እትዬ፣ ኧረ ልጅሽን አውጪልኝ» ሲል ሰማሁት።

ቤታችን ቅርብ ነው። በቤት ጫማዋ መጣች። ሰፊዎቹ ማሽናቸውን አቁመው ወደ ግቢው ወጡ። እሷ ማንንም ሳታይ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባች። ጎትታ የምታስወጣኝ መስሎኝ እጄን ደበቅኩ። እሷ ግን ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

«የታል?»

«ያውልሽ፣ እዚያ ጥግ።»

«ዝጋው እስቲ» አለችው ሾፌሩን። ዘጋው፤ ጥቂት ቆይቶ ከፈተው። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እትዬ! የጠራሁሽ እኮ እንድታወጫት ነው!»

«አንተም ገብተህ እይ። ከዚያ እንወጣለን።»

አልገባም ብሎ ግቢውን ይዞር ጀመር። ወደብ ደወለ፣ ተሟገተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ደወለ። በመጨረሻ እየተነጫነጨ ገባና በሩን ከኋላው አስዘጋ። ሦስታችንም ጨለማው ውስጥ ቀረን።

«የታል ቀዳዳው?» አለ። «ይኸው፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው! በሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው አይደል?»

ቀና አልኩ። እውነትም የለም። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነገር የት ገባ?

«ያለፈውን ኮንቴይነር መቼ ነበር ገብተህ ያየኸው?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«የዚያን ዕለት አንቺ ሥራ ጨርሰሽ ወደ ቤት ከገባሽ በኋላ ነዋ። አሁን እንደመጣው ሲመሻሽ ነው የመጣው።»

«ሲመሻሽ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ያኔ በራልኝ። ለካ ፀሐይ ጠልቃለች! ውጭ የሌለ ብርሃን እንዴት አድርጎ ይገባል? በሩን በጡጫ ደበደብኩት። «ሾፌር! የእጅ ባትሪህን ይዘህ ጣሪያው ላይ ውጣ! ጥግ ጥጉን አብራ!»

እግሩ ከላያችን ብረቱን ሲያንኳኳ ሰማን። ከዚያ ብርሃኑ እንደ ክር ቀጥኖ ወረደና በአጎቴ ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። አጎቴ ደረቱን አየ። እድፍ ይመስል በጣቱ ሊጠርገው ሞከረ፤ አልጠረግ አለው።



«እትዬ» አለ ቆይቶ፣ «ያን ጊዜ መሽቶ፣ መብራት አብርተን ነው የጫንነው። ወንፊት ቢሆንም ኖሮ አላየውም ነበር። ምንም ሳላውቅ አንቺን... በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ያን ቀን ስታዋርደኝ ማን ማን ነበር?»

«ሰው... ሰው ሁሉ ነበር።»

«እንግዲያው እዚህ ጨለማ ውስጥ አታንሾካሹክልኝ። ሰው ሁሉ ውጭ ቆሟል።»

አጎቴ በሩን ራሱ አንኳኳ።

በግቢው መብራት ስር ቆሞ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ከኋላ ያሉት ሰፊዎች ለመስማት ጆሯቸውን አቅንተው ነበር። «ጮክ በል ጋሼ፣ አልተሰማም!» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ያን ቀን ሲጮህባት እኮ መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል። አየኝ፤ የሚቆጣ መሰለኝ። ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ በዚያው በተለመደ ጩኸቱ፣ ሁሉንም ደገመው።

እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ካውያ ክፍሉ ገባች። ሽርጧ ያስቀመጠችበት ነበር፤ ማንም ሊነካው አልደፈረም። አራግፋ ታጠቀችውና በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄን ባዶውን መልሰው» አለችው ሾፌሩን። ወደ አጎቴ ዞረች። «መርከብ ሌላ አለ። ሌላው ኮንቴይነር በቀትር ይምጣ። አንተም አብረኸኝ ትገባለህ።»