ነፍሰ ጡር ፊት የማይወራ

የአራስ ገንፎ እህል በጎረቤት እጅ ይለቀማል። በዚያ ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ሰፈር፣ እትዬ ጸሐይወርቅ ግቢ ውስጥ፣ ሴቶቹ ገብሱን በየሰፌዱ ተካፍለው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንዷ ጠጠር ታወጣለች፣ ሌላዋ ገለባ ታነፍሳለች፤ ወሬው ግን ከእህሉ በላይ እየተበጠረ ነው። ልብስ ሰፊዋ አለምነሽም የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ ሸፍና መጥታ ከመካከላቸው ተቀምጣለች።

ገንፎው የሚዘጋጀው ለእትዬ ጸሐይወርቅ ምራት ለሙሉጌጥ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ወሯም ገብቷል። ጤና ጣቢያው ነፍሰ ጡሮችን ሐሙስ ሐሙስ ሰብስቦ ያስተምራል፤ ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው። ገጠሩ ወደ ሐዋሳ ጎርፎ፣ ባልዲና ጄሪካን፣ ሳፋና ጆግ ፍለጋ የባሏን የእስራኤልን ሱቅ የሚያጨናንቅበት ቀን ነው። አትሂጂ ያላት የለም። እሷም ልሂድ አላለችም። አንድ ቀን ብቻ ነገሩ ሲነሳ እትዬ ጸሐይወርቅ፣ «እኔ ስድስቱን የወለድኩት የማን ተማሪ ሆኜ ነው?» አሉና ሁሉም ስቆ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዝግጅት ጎደለ እንዳይባል ቅቤው ተነጥሯል፣ ጋቢው ታጥቧል፣ የአራስ ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል። የቀረ ነገር ቢኖር ማንም አፉን ሞልቶ ሊነግራት ያልደፈረው ነገር ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ፊት ክፉ አይወራማ! የገፋ ሆድ ከበር ሲገባ ደም የፈሰሳት፣ ምጥ ጸንቶባት የሞተች፣ ልጅ ሞቶ የተወለደባት፣ ሁሉም ከሰፈሩ ትዝታ ብን ብለው ይጠፋሉ። የሚወራው በማርያም እጅ ተገላግላ በማግስቱ ስለተነሳችው ነው። ከዚህ ውጭ ትንፍሽ ያለች ሟርተኛ ናት፤ በኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር የእሷ አፍ ነው ያመጣው ይባላል። ፍቅር ነው ይሉታል። ፍቅርስ ይሁን፤ ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ሴቲቱን ዓይኗን አስሮ ገደል አፋፍ ላይ ያቆማታል።

ሙሉጌጥ በርጩማ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር ያነሳችው።

«እማማ፣ ይሄ ልጅ እኮ ከትናንት ጀምሮ ዝም አለኝ። ሲራገጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ልጅ...»

«ሲደርስ ዝም ይላል» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ ከሰፌዳቸው ቀና ሳይሉ። «ቦታ ጠቦት ነው። ለምጡ ጉልበት እያጠራቀመ ነው።»

«ኢንሻአላህ ረጋ ያለ ልጅ ነው» አለች ከመንገዱ ማዶ ጨርቃ ጨርቅ የምትነግደው ፈትያ። «የአባቱን ጠባይ ይዞ ነው፤ እስራኤልስ መቼ ይናገራል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሉጌጥም አብራቸው ሳቀች።

የአለምነሽ እጅ ግን ገብሱ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ይህንኑ ቃል ከዚሁ አፍ ሰምታው ነበር። አዲስ ሙሽራ ሆና ከባሏ ከፋሲል ጋር በዚህ ግቢ አንዲት ክፍል በተከራየችበት ዘመን፣ የመጀመሪያዋ ልጇ ሆዷ ውስጥ ዝም ስትልባት፣ እትዬ ጸሐይወርቅ «ሲደርስ ዝም ይላል» አሏት። አመነቻቸው። ደስ ብሏት ጠበቀች። ልጅቱ ሳታለቅስ ተወለደች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ልጅ ያነሳ አንድ ሰው የለም፤ ጎረቤቶቿ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው፣ ሾርባ አጠጥተዋት ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ከሰፈር ተደብቃ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ጤና ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ እየሄደች ተማረች። አንድ ቀን አዋላጇ ልክ እንደ ተራ ነገር፣ «ልጁ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ወይም ዝም ካለ አትጠብቁ፤ ወዲያው ኑ። ሲደርስ ዝም ይላል የሚባለው ውሸት ነው» አለች። አለምነሽ እዚያው አግዳሚው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። አጠገቧ ያሉት እርግዝናው ሆድ አስብሷት መስሏቸው ውሃ ሰጧት። ልጇ መዳን ትችል እንደነበር ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

አሁን ምን ትበል? ልጁ አልፎ ከሆነስ? የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልብሱን የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው፤ በአፏ ልጅ የገደለችን ሴት ደጅ ማን ይረግጣል? ደግሞስ እትዬ ጸሐይወርቅ እንደ እናት ያረሷት ሴትዮ ናቸው።

«እስኪ ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ብቅ ብላ ብትታይ» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

«ዛሬ? በገበያ ቀን? መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ስትንገላታ ልትውል ነው?» እትዬ ጸሐይወርቅ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ተይ፣ ሴቲቱን አታስደንግጪያት ይል ነበር። «ነገ ረጋ ብላ ትሄዳለች።»

አለምነሽ ዝም አለች። ዝም ብላም ገብስ ለቀመች። በኋላ ስታስበው ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት ይሄ ነው፤ እያወቀች ገብስ መልቀሟ።

ሙሉጌጥ ውሃ ልትጠጣ ተነሳችና ወደ ግድግዳው ዞር አለች። ማንም የማያያት መስሏት፣ የተኛ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ሰው ሆዷን በሁለት ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ጠበቀች። እንደገና ነካ አደረገችው። ስትመለስ ፊቷ ላይ ፈገግታዋ እንደነበረ ነው፤ ከንፈሯ ግን ደርቋል። ፈርታለች፤ መፍራቷንም ለማን እንደምትናገር አታውቅም።

«የእኔም ዝም ብላ ነበር» አለች አለምነሽ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«የመጀመሪያዋ ልጄ። ሲደርስ ዝም ይላል ተባልኩ፤ ጠበቅኩ። ሞታ ተወለደች።»

«በስመ አብ!» እትዬ ጸሐይወርቅ ሰፌዳቸውን ጥለው ተነሱ። «አፍሽን ያዢ! ምን አድርጋሽ ነው የምታሟርቺባት?»

ፈትያ አስተግፊሩላህ እያለች አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

«ሟርተኛ ይበሉኝ፣ እትዬ። የፈለጉትን ይበሉኝ። ሙሉዬ፣ ተነሽ፤ እንሂድ።»

ሙሉጌጥ መጀመሪያ አማቷን አየች። ቀጥላ አለምነሽን አየች። ሁለቱም ሴቶች ይወዷታል፤ ከሁለት አንዳቸውን ማመን ነበረባት። «እታለም» አለች በመጨረሻ፣ «ባጃጅ ጥሪልኝ።»

እትዬ ጸሐይወርቅም ነጠላቸውን ከገመድ ላይ ጎትተው ተከተሉ። «ከሟርተኛ ጋር ብቻዋን አልሰዳትም» አሉ።

በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ዞሩ። በግና ሸንኮራ አገዳ የጫነ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ባለ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ይሳደባል፣ ይለምናል። እትዬ ጸሐይወርቅ «ማርያም፣ ማርያም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። አለምነሽም በልቧ ትጸልይ ነበር። ልጁን አድነው ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ እኔንም አድነኝ፣ አላሟረትኩም፣ አንተ ታውቃለህ ትላለች። ሰው በዚህ ሰዓት ለራሱ ይለምናል ወይ? ለመነች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አዳራሹ ውስጥ ነፍሰ ጡሮቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ተደርድረው ይማራሉ። የምታስተምረው አዋላጅ፣ ሲስተር ፀደይ፣ የሙሉጌጥን ፊት አይታ ትምህርቱን አቋርጣ ወጣች። አልጋ ላይ አስተኝታት የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ወደ ግራ ወሰደችው፤ ወደ ቀኝ መለሰችው። የሚሰማው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። ሙሉጌጥ የአለምነሽን እጅ ጨምድዳ ያዘች። ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ አንድ ምት ተሰማ። ቆይቶ ሌላ።

«አለ» አለች ሲስተር ፀደይ። «ግን በጣም ደክሟል። አምቡላንስ ጥሩ!»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሙሉጌጥን ከአምቡላንሱ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እስራኤል የሱቁን ቁልፍ እንደጨበጠ እየሮጠ መጣ። እናቱን አየ፣ አለምነሽን አየ። ሦስቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አለምነሽ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ትል ነበር።

ነርሷ ስትወጣ ገና ከበሩ ጀምራ ተናገረች። «እናትየው ደህና ናት። ልጁም ተርፏል፣ ወንድ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ አተነፋፈሱ ስላላማረን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገብተነዋል። ገና እናየዋለን። ግን ቢያድር ኖሮ...» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እስራኤል ተከትሏት ሄደ።

እትዬ ጸሐይወርቅ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ተመልሰው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ ዘርግተው፣ መልሰው አጠፉት።

«ያን ጊዜ» አሉ፣ «ላንቺም እንዲሁ ብዬሽ ነበር?»

አለምነሽ ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። እርግማን ያለበት፣ ለቅሶ ያለበት ረጅም መልስ ነበራት። ከአፏ የወጣው ግን፣ «አዎ፣ ብለውኛል» የሚለው ብቻ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ቤቴ ስትገቢ ስትወጪ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልሽም።»

«ማን ጠየቀኝ?»

አሮጊቷ አንድ ሕመምተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ፋሲል የት እንዳለች ነግሮሻል?»

«ማን?»

«ልጅሽ።»

አለምነሽ አንድ ቀን ብቻ ጠይቃዋለች። ለአንቺ ደግ አይደለም፣ እርሺው አላት። ደግማ አልጠየቀችም። «አልነገረኝም» አለች።

«የገነዝኳት እኔ ነኝ። በነጠላዬ ነው የጠቀለልኳት። አንቺ ራስሽን አታውቂም ነበር። ከባለቤቴና ከፋሲል ጋር አብሬ ሄጄ ስትቀበር ቆሜያለሁ። እንዳትነግሪያት አሉኝ፤ እኔም ላንቺ ይሻላል ብዬ ዋጥኩት። ቦታው አይጠፋኝም፤ እወስድሻለሁ።»

«አይተዋታል?» አለምነሽ ወደ እሳቸው ዞረች። «ምን ትመስል ነበር?»

እትዬ ጸሐይወርቅ በልማድ እጃቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። ቆይተው አወረዱት። «ጸጉሯ ብዙ ነው። ጥቁር፣ ግንባሯ ድረስ የወረደ። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፣ እንዳንቺ። የተኛች ነው የምትመስለው።»

ያን ጊዜ አለምነሽ አለቀሰች። ከዚህ በፊት ያለቀሰችው ሁሉ ድምፅ የሌለው ነበር፤ ትራስ ነክሳ፣ ነጠላ አፏ ላይ ይዛ ነበር። አሁን ጮኻ፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። በኮሪደሩ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ዘበኛው እየተጣደፈ መጣ።

«ሴትዮ፣ እዚህ መጮህ ክልክል ነው! ምንድን ነው?»

እትዬ ጸሐይወርቅ አለምነሽን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ቀና ብለው አዩት።

«ተዋት፣ ታልቅስ» አሉት። «ልጇ ሞታባት ነው።»