የአስራ አንድ ሰዓቱ በረዶ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ መኪናዬ ስድስት ሠላሳ አምስት ሃይዌይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ መሃለኛው መስመር ላይ ቀጥ ትበል። ትምህርቴን እንደ ነገሩ ነው የተማርኩት፤ ወሬ ላይ ግን አልታማም።

ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ ውስጥ መኳንንት የሚባል የኤርፖርት ሻትል ነጂ አለ። ሰው ላይ ቀልድ ሳይሠራ ከዋለ ምሳው የማይወርድለት ዓይነት ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ካሮልተን፣ ሃይሚ የምትባል ልጅ አፓርትመንት ይሄድና ጠረጴዛ ከበው ጌም ይጫወታሉ። ጌሙ በአፍ ነው። አንዱ ወታደር ነኝ ይላል፣ ሌላው አስማተኛ ነኝ ይላል፣ ሃይሚ ደግሞ ከፊታቸው ያለውን ተራራና ዘንዶ እየነገረች ትመራቸዋለች። የሚሆንላቸውንና የማይሆንላቸውን ሃያ ፊት ያለው፣ ዳይስ የሚሉት ባለ ቁጥር ጠጠር ይወስናል።

የመኳንንት ሥራ ሰማዩና ሰዓቱ ነበር። በጌሙ ያሉት መንገደኞች አንድ ሰዓት በተጓዙ ቁጥር ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው አንድ ሽምብራ ያሻግራል። ለአየሩ ደግሞ ዳይሱን በመዳፉ ከልሎ ይጥላል፤ ትንሽ ቁጥር ከመጣ ዝናብ ወይም በረዶ፣ ትልቅ ከመጣ ጠራራ ፀሐይ። በሰማይና በሰዓት ጉዳይ የእሱ ቃል የመጨረሻ ነው፣ ሃይሚ ራሷ አትሽረውም። ሕጉን ያወጣችው እሷው ናት። እንዲህ ያለ ሥልጣን መኳንንት እጅ ሲገባ ማንም አልደነገጠም፤ መደንገጥ ነበረባቸው።

የሃይሚ እናት ወይዘሮ ሰብለወርቅ ሳክሲ ነው የሚኖሩት። ልጅቷ ከቤት ከወጣች ወዲህ የሁለቱ ወሬ «በላሽ?» «በላሁ» ከሚለው አያልፍም ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ምስር ወጥ ሊያደርሱ መጥተው «ምንድነው የምትሠሩት?» አሉና ወንበር ሳቡ። በዚያው ቀሩ። በጌሙ ድንክ ነጋዴ ሴት ሆኑ (እዚያ ድንክ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ይኖራል)፣ ስሟን ድንቄ አሏት፣ በቅሎ ገዙላት፣ ከዘንዶ ጋር ሳይቀር ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ሃይሚም ደስ ብሏት ለእናቷ አንድ ስጦታ ሰጠች።

«ኦኬ፣ በዚህ ዓለም ሰዓቱ የእማ ሰዓት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ በአስራ ሁለት ትወጣለች፣ እኩለ ቀንም ስድስት ነው። ቴክሳስ ያደገችው ሃይሚ «ሶ፣ ሦስት ሰዓት ማለት ናይን ነው?» እያለች ትጠይቃለች፤ እናት በጣታቸው ፀሐይዋን አየር ላይ እያዞሩ ያስረዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እናትና ልጅ እንደ ሰው ያወሩ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ።

መንገደኞቹ ረጅም ተራራ ሊሻገሩ ነው። ድንቄ በቅሎዋን ጭናለች፤ ወታደር ሆኖ የሚጫወተው ፊልሞን ከኋላዋ ነው።

«መኳንንት፣ ሰማዩን እየውማ» አሉ ወይዘሮ ሰብለወርቅ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አራት ሰዓት፣ እትዬ ሰብለ።» ዳይሱን በመዳፉ ከልሎ ጣለ። አስራ ዘጠኝ ወጣ፤ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው። ታዲያ ጠራራ ፀሐይ ምን ያስቃል? ፊቱን እንደ ለቀስተኛ አጠቆረና «አሁን ጥርት ብሏል፤ በአስራ አንድ ግን ከባድ በረዶ ይወርዳል» አለ።

«አስራ አንድማ ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ማዶ እንወርዳለን» አሉና በቅሎዋን ወደ ዳገቱ ነዱ።

መኳንንት አንዲት ሽምብራ አሻገረ። መንገደኞቹ ዳገቱ ወገብ ላይ ናቸው።

«በረዶው ጀመረ» አለ።

«ገና አምስት ሰዓት ነው።»

«አዎ፤ አስራ አንድ ያልኩት በፈረንጅ ነዋ። በረዶ የፈረንጅ ነገር አይደል?»

ፊልሞን ሳቀ። መኳንንትም በሆዱ ሳቀ። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሃይሚ፣ ሰዓቱ በእኔ ነው አላልሽም?»

ሃይሚ እናቷን አየች፣ ከዚያ መኳንንትን አየች። «ማለቴ… ሩሉ እሱ ያለው ነው፣ እማ።»

ድንቄ ብርዱን ትችለው እንደሆነ ለማየት ወይዘሮ ሰብለወርቅ ዳይሱን ጣሉ። አንድ ወጣ። በዚህ ጌም አንድ ከወጣ አለቀ ነው። ድንቄ ከነበቅሎዋ ዳገቱ ላይ ደርቃ ቀረች።

መኳንንት «ቀልዴን ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ፊልሞን ግን ገና እየሳቀ ነው፤ እንዲህ ያለ የተሳካ ቀልድ ደግሞ በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። ዋጠው። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ቦርሳቸውን አንሥተው «መልካም» አሉና ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጡም። ሃይሚ ስትደውል ስልካቸውን አያነሡም።

መኳንንት እንቅልፍ አጣ። ተሳፋሪ ሻትሉ ውስጥ ገብቶ «አየሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ሲለው እንደ ሌባ ይደነግጣል።

በሦስተኛው እሁድ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ጸጋ የምትባል የእድራቸው ሴት ጠጋ ብላ «ምነው፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አለች።

«ድንቄ። ተራራ ላይ፣ ብርድ ገደላት።»

አልዋሹም። ጸጋም ድንቄ ማን ናት ብላ አልጠየቀችም፤ ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው። ለእድርተኛው ሁሉ ቴክስት አደረገች። ቅዳሴ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሳክሲ ያለው ቤት በር ላይ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። በፎይል የተሸፈነ ወጥ የያዘ፣ ካርቶን ውሃ የተሸከመ፣ ተጣጣፊ ወንበር የጎተተ ሁሉ ገባ። መኪና የሌላቸውን አዛውንቶች ማን አመጣቸው? ሻትል ያለው ሰው ማነው? መኳንንት።

እናም ራሱ የገደላት ሴት ለቅሶ ላይ ንፍሮ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ ፊልሞን አለ፤ እሱ ዋሽቶ አያውቅም።

አቶ መንገሻ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ፊልሞን ጠጋ አሉ። «ሟችን ታውቃት ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ። አብረን ነበርን።»

«ስንት ይሆናት ነበር?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

አቶ መንገሻ ጥቂት አሰቡ። «በፓውንድ ነው? ወፍራም ነበረቻ። ወፈርፈር ያለ ሰው ደግሞ ዳገት ላይ ልቡ አይችልም።» ከዚያም ወደ መኳንንት ዞሩ። «አንተም በጣም ነው የተጎዳኸው፣ ፊትህ ያስታውቃል። አይዞህ፣ ልጄ።»

ያቺ «አይዞህ» ገደለችው። ንፍሮውን አስቀምጦ ወደ ኪችን ሄደ።

ሃይሚ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች፤ እናቷ በሌላው ጥግ ብርጭቆ ይደረድራሉ።

«እትዬ ሰብለ» አለ መኳንንት፣ «በረዶው ውሸት ነው። ዳይሱ ጠራራ ፀሐይ ነበር ያለው። አስራ አንድ ያልኩትም አውቄ ነው፤ ሰዓቱ እርስዎንና ሃይሚን ሲያምታታ ላይ ብዬ። የፈረንጅ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ሃይሚ ሰዓትዎን አልቀማችዎትም። እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሰብለወርቅ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ድንቄ ብትሞት ይቺ የምሞትላት ነገር ናት? ልጄ ስጠይቃት እኔን ትታ አንተን አየች። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው፤ ነጠላ የዘቀዘቅኩትም ለእሱ ነው።»

ሃይሚ ቧንቧውን ዘጋች። «እማ፣ አስራ አንድ የፀሐይ መጥለቂያው አካባቢ እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ግን ሩሉ ሩል ነው ብዬ… ማለቴ፣ አንቺን ማመን ነበረብኝ።» እጇን ልብሷ ላይ አደረቀች። «ሶ፣ ዳይሱ ፀሐይ ካለ ድንቄ አልሞተችም ማለት ነው። ልንገራቸው?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ ንፍሮ እየበላ፣ አልሞተችም ብለሽ ልትወጪ ነው?»

እናትና ልጅ ተያዩ። መጀመሪያ ሃይሚ ፈነዳች። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፁ ሳሎን ሲደርስ ሳቅ አይመስልም ነበር። ጸጋ «ወይኔ፣ ባሰባቸው» አለች፤ ከዚያ አንዷ ሴት ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ቤቱ በልቅሶ ተናጋ። አቶ መንገሻ «ድንቄ፣ ድንቄ» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ኪችን ውስጥ ያሉት ሁለቱ ይህን ሲሰሙ እየተደጋገፉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

መኳንንት አልሳቀም። በሕይወቱ ቀልድ ተሠርቶ ያልሳቀበት ቀን ያ ብቻ ነው። ሃይሚ እንባዋን እየጠረገች «ከእንግዲህ ሰማዩና ሰዓቱ የእማ ነው፤ አንተ በቅሎ ነጂ ነህ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እናቲቱ ፊት ጎንበስ አለ። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ትከሻውን ነካ አድርገው «ተነሥ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ወደ ሳሎን ተመልሶ፣ ድንቄን እያነሡ ከሚያለቅሱት መሃል ተቀመጠ። በእውነት ያለቀሰው እሱ ብቻ ነው።

ይኸው ነው። በመኪናዬ የማልኩት መሐላ እንዳይደርስብኝ ግን አንዲት ነገር ላርም። ሁለት መቶ አርባውም፣ ልቅሶውም፣ የአቶ መንገሻ ደረት መድቃትም እንዳለ እውነት ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ» የምትለዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ መኳንንት ስላሳዘነኝ። ወይዘሮ ሰብለወርቅ ያሉት «ተነሥ፣ ሰዎቹን ወደየቤታቸው አድርስ» ብቻ ነው።